የቁልፈኞች ዳኛ

ጋሽ ተክለሃይማኖት ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ፍራንኮ ሰፈር ውስጥ ከእሳቸው ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት አዳማ ውስጥ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። እጃቸው መጻፍ ለምዷል፤ የጎደላቸው ማኅተም ብቻ ነው። የጎረቤታቸው አውራ ዶሮ ያለሰዓቱ ሲጮህ በሦስት ኮፒ ጻፉ፦ አንዱ ለዶሮው ባለቤት፣ አንዱ ለዕድሩ ሊቀመንበር፣ አንዱ ለራሳቸው ፋይል። ውኃ ሲጠፋ ጻፉ፤ ሲመጣም “ለምን ዘገየ” ብለው ጻፉ። የሚጻፍበት ነገር ያጡ ቀን ደግሞ ማዕድ ቤት ይገቡና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሽንኩርት ሲከትፉ አጠገባቸው ቆመው የአከታተፉን ሥርዓት ያስረዷቸዋል።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ፣ ስልሳ ሕፃን በዓይናቸው ብቻ ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ናቸው። የባላቸው ነገር ግን ከስልሳው ሕፃን በለጠባቸው።

እፎይ የሚሉት ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት “ዘጠኝ ቁልፍ” የሚባለው ድራማ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ጋሽ ተክለሃይማኖት ከወንበራቸው አይነቃነቁም። ታሪኩ እሜቴ ደብሪቱ ስለምትባል የሆቴል ባለቤት ነው። በድራማው ሠላሳ ስምንተኛ ክፍል ላይ ድንገት ሞተች፤ ለዘጠኝ ወራሾቿ ዘጠኝ ቁልፍ ትታ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ክፍል እንደሚከፍት ግን ሳትናገር። ወይዘሮ ሮማነወርቅ አንድም ቀን አብረው ቁጭ ብለው አላዩም። የራሳቸው ዘመዶች ጠብ ሳያልቅ የሰው እንደማይጀምሩ ተናግረው ነበር።

ጋሽ ተክለሃይማኖትን ወደ አገሩ ያስገባቸው አብዱናሲር ነው። አብዱናሲር የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሲሆን፣ አርብ አርብ ገበያ ሲያደርሳቸው መንገዱን ሁሉ ስለ ድራማው ይከራከራሉ። አንድ አርብ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ሴትዮዋን መርዟል ወይስ አልመረዘም በሚለው ላይ ማስረጃ ሲዘረዝሩለት፣ ባጃጁን ጥግ አስይዞ አቆመና ይህን ሁሉ ለእሱ ለአንድ ሰው ከሚነግሩት ለሠላሳ ሺህ ሰው ቢናገሩት እንደሚሻል ነገራቸው። ስልካቸውን ተቀብሎ ቴሌግራም ላይ ጥቂት ነካካ። መለሰላቸው። ጋሽ ተክለሃይማኖት በዚያች ደቂቃ የቁልፍ አገር ዜጋ ቁጥር 31,207 ሆኑ።

የድራማው ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ “አገር” ያሉት እነሱ ናቸው፣ ለቀልድም አልነበረም። ግሩፑ ሰንደቅ ዓላማ አለው፦ ሰማያዊ ላይ ወርቃማ ቁልፍ። ለሚገባ ሰው ሁሉ ፎቶውና ቁጥሩ ያለበት መታወቂያ ይላክለታል። የስቲከር ሚኒስትር አለ፣ የሐዘንና የደስታ ሚኒስትር አለ። እሜቴ ደብሪቱ ስትሞት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ፣ ዜጋው ሁሉ የፎቶውን ቦታ ጥቁር አድርጎ ነበር። ጠቅላይዋ ዱሬቲ ትባላለች፤ ባቱ አበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ የምታሽግ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ግሩፑን ከሁለት ዓመት በፊት የከፈተችው ከአሥራ አንድ የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ነበር። ማታ ፈረቃ ገብታ ድራማው ላመለጣት ሌላዋ እንድትነግራት ብለው ነው የጀመሩት።

አሁን ግን መናገር በአገሩ የመጨረሻው ከባድ ወንጀል ሆኗል። ድራማውን የሚሠራው ሞገድ ፊልም ሥራ የሚባል ድርጅት፣ አዲሱን ክፍል ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በስልክ መተግበሪያ ለከፋዮች ይለቅና በቴሌቪዥን ማታ ያሳየዋል። ቀን ያየ ሰው እስከ ማታ አፉን መዝጋት አለበት። ካልዘጋ “አፈሰሰ” ይባላል። ያፈሰሰ ይባረራል።

ጋሽ ተክለሃይማኖት በገቡ በሁለተኛው ሐሙስ፣ ጉቱ የሚባል የዱከም ፋብሪካ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ የድንኳን ምስል ለጠፈ። ሕዝቡ “ዛሬ ሰው ይሞታል ማለቱ ነው” ብሎ ጮኸ፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ተባረረ። በኋላ ሲጣራ ሰውየው አጎቱ አርፎበት ለዕድሩ ግሩፕ የላከው ድንኳን ነው፣ ተሳስቶ እነሱ ጋ የገባበት።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ያን ቀን ማታ ድራማውን በቅጡ አላዩም። መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት ጻፉ። “ጉዳዩ፦ ሳይሰማ ስለተፈረደበት ዜጋ” ብለው ጀምረው፣ ፍሬ ነገሩን በተራ ቁጥር ከዘረዘሩ በኋላ እንዲህ ብለው ደመደሙ፦ “አዳም እንኳ ከገነት ከመባረሩ በፊት ‘የት ነህ?’ ተብሎ ተጠይቋል። የዱከሙ ጉቱ ግን አልተጠየቀም።”

ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። በማግሥቱ ጉቱ ተመለሰ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ዱሬቲ ለጋሽ ተክለሃይማኖት በግል ጻፈችላቸው። በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ክርክር እየመጣባት፣ ጽጌረዳ እያሸገች በአንድ እጇ ሰው ስታባርር እንደምትውል፣ የማን ጥፋት የማን እውነት እንደሆነ ማጣራት እንዳቃታት አስረዳቻቸው። አባባ ፈቃድዎ ቢሆን ዳኝነቱን ይያዙልን አለች። ጋሽ ተክለሃይማኖት አንድ ቀን ሙሉ አስበው ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ፍርድ ቤቱ ማንም የማያዘው ይሁን፤ በችሎት ላይም አይሳቅ።

በዚህ ዓይነት ሠላሳ አራት ዓመት የሌላውን ዳኛ መዝገብ ሲያቀብሉ የኖሩ ሰው በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ዳኛ ሆኑ።

ችሎቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ግሩፑ ውስጥ በድምፅ በሚሰበሰቡበት ክፍል ይሰየማል። ጋሽ ተክለሃይማኖት በዚያ በአዳማ ሙቀት ኮትና ከረባት አድርገው፣ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ ተደግፎ እንዲቆም አድርገው ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ማንም እንደማያያቸው ቢነግሯቸው ድምፅም ልብስ ይለብሳል ብለው መለሱ። ያወጡት የመጀመሪያው ደንብ አጭር ነበር፦ ዳኛው ሲናገር ማንም አይናገርም፤ የተናገረ ለአንድ ሳምንት ድምፁ ይዘጋል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሐል ላይ “እሺ” በማለቱ ብቻ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ ከረመ። ሁለተኛው ደንብ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም ይላል። ሦስተኛው ስለ መጥሪያ ነው፦ ተከሳሹ አዳማ የሚኖር ከሆነ መጥሪያው በወረቀት፣ በእጅ ይሰጠዋል። ባጃጅ ስላለው አብዱናሲር መጥሪያ አድራሽ ሆነ፤ አፍ ስላለውም ዐቃቤ ሕግ።

ጉዳዩ ጎረፈ። ሁለት ሰዎች አንድ ስቲከር እኔ ነኝ የሠራሁት ተባብለው ሦስት ቅዳሜ ተሟገቱ። አንዲት የባቱ ሴት ባሏ ራት ላይ እንዳፈሰሰባት ከሰሰች፤ ጋሽ ተክለሃይማኖት ችሎቱ በሰው ማዕድ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ከገለጹ በኋላ፣ ባልየው ግን ዜጋ ስለሆነ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዙ። ሴትዮዋ ይቅርታውን አሳትማ ሳሎኗ ውስጥ በፍሬም እንደሰቀለችው ተሰማ።

ፍራንኮ ውስጥ ደብዳቤ ቆመ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሽንኩርታቸውን እንደፈለጉ ከተፉ። ለጓደኞቻቸውም ስለታቸው እንደደረሰ አወሩ፤ ለማን እንደተሳሉ ግን አልተናገሩም።

ጥር ላይ የጋሽ ተክለሃይማኖት የእህት ልጅ ላንጋኖ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ውስጥ ሰርግ ደገሰ። ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ጋሽ ተክለሃይማኖት ቡናማውን ውኃ እያዩ በዳርቻው ወደ ታች ሄዱ። ከመጨረሻዎቹ ጎጆዎች ጀርባ ትልልቅ መብራት፣ ካሜራ፣ የሚራወጡ ወጣቶች አዩ። መሐላቸው፣ ያንን ግራጫ ካባዋን ደርባ፣ ዘጠነኛውን ቁልፍ በእጇ ይዛ፣ እሜቴ ደብሪቱ ቆማለች።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ለቀብሯ ያለቀሱ ሰው ናቸው። ተዋናይት መሆኗን ያውቃሉ፤ ይህንን አልሳቱትም። ነገር ግን ካባዋን ለብሳ፣ ቁልፉን ይዛ፣ ከካሜራ ፊት ከቆመች አልሞተችም ማለት ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ትመለሳለች። ዘበኛው መጥቶ ወደ ሰርጉ እንዲመለሱ ሲለምናቸው ይቺ ሴት ተቀብራለች እኮ አሉት። ዘበኛው እሱ የሚያውቀው አሁን ሁለት ዓሣ ጥብስ መብላቷን ብቻ እንደሆነ ነገራቸው።

ሰርጉ ላይ አልበሉም። ቤት ተመልሰው አላወሩም። ከዚያ በመጣው ቅዳሜ የተሰየመው ችሎት ላይ ሁለት ግልጽ የሆኑ ጉዳዮችን ያለ ምክንያት ለሌላ ቀጠሮ አስተላለፉ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ምስጢር በመደርደሪያ ቆልፈው የኖሩ ሰው፣ ይህቺን አንዲት ምስጢር ግን የሚያስቀምጡባት መደርደሪያ አጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ችሎቱን ጨርሰው “ችሎቱ ተነስቷል” አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ማዕድ ቤት ገቡ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አዩአቸው።

“ከላንጋኖ ከመጣን ጀምሮ አንድ ነገር ይበላሃል” አሏቸው። “ሕመም ከሆነ ንገረኝና እንታከም። ሌላ ነገርም ከሆነ ንገረኝ።”

ጋሽ ተክለሃይማኖት ሕጉን በልባቸው አገላበጡ። ሕጉ ለዜጋ መናገርን ይከለክላል። ሮማነወርቅ ዜጋ አይደለችም፤ ድራማውን አይታው አታውቅም።

“አንቺ የውጭ አገር ሰው ነሽ” አሉ፤ “ላንቺ ብነግርሽ አያስጠይቅም።”

ከዚያም ነገሯቸው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው። ካባዋን፣ ቁልፉን፣ አቋቋሟን ነገሩ። ሐኪሙ ተገዝቶ የሞት ወረቀት እንደጻፈ፣ የሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ድንጋይ እንደነበር፣ ዘጠነኛው ቁልፍ ምድር ቤቱን እንደሚከፍት የራሳቸውን ግምት ጨመሩ።

ችሎቱ ሲነሳ ከክፍሉ ሳይወጡ የቀሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ይህን ሁሉ ሰሙ። አንድም ሰው “ጋሼ፣ ስልክዎ ክፍት ነው” አላለም። ዳኛው እየተናገሩ ነዋ። ዳኛው ሲናገሩ ማን ደፍሮ ይናገራል? በጽሑፍ የጮኹ ነበሩ፤ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ግን አይነበብም። አብዱናሲር ፖስታ ቤት አጠገብ ተሳፋሪ እንደጫነ ደወለላቸው። ጋሽ ተክለሃይማኖት ይሄ ልጅ ችሎት ከተነሳ በኋላ ምን ፈልጎ ነው ብለው ዘጉበት። ሁለቴ ደወለ፣ ሁለቴ ዘጉበት። በመጨረሻ ተሳፋሪዋን እንደጫነ ፍራንኮ ድረስ መጣና፣ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቃል ሳይናገር ወደ ደረት ኪሳቸው ጠቆመ።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ስልኩን አውጥተው አዩት። ከዚያ ምስሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

የሰሙት ሰዎች ቀድተውት ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አገር ምድሩ ሰማው። ሰኞ ደግሞ ከሞገድ ፊልም ሥራ ለዱሬቲ ደብዳቤ መጣ። የድርጅቱ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ሰይፈሚካኤል የሚባል ሰው ነው የጻፈው። ግሩፑ በአምስት ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ተላልፎ “ይፋዊ የደጋፊዎች ማኅበር” እንዲሆን ይጠይቃል፤ ካልሆነ ምስጢሩን ያወጣው ግለሰብ በእውነተኛው ፍርድ ቤት እንደሚከሰስ ያስጠነቅቃል።

ዱሬቲ ደብዳቤውን ላከችላቸው። ቀን የለውም። ቁጥር የለውም። ማኅተም የለውም። ድሮ ቢሆን ጋሽ ተክለሃይማኖት በመስኮቱ መልሰው፣ አስተካክለህ ና ብለው ነበር። አሁን ግን አንብበው ዝም አሉ፤ በቀን ገብተው ተኙ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የፈሩት ያን ጊዜ ነው። እንከን ያለበት ደብዳቤ አይተው ዝም ሲሉ በአርባ ዓመት ትዳራቸው አይተው አያውቁም።

ማክሰኞ የዱሬቲ የዕረፍት ቀኗ ነው። በመቂ በሞጆ አድርጋ፣ ስድስት ቆሮሶ ዓሣ በበረዶ በፌስታል ይዛ አዳማ ገባች። አብዱናሲር ከመናኸሪያ አመጣት። ጋሽ ተክለሃይማኖት ጠቅላይዋን ረጅምና ድምፀ ጎርናና አድርገው ነበር በሐሳባቸው የሣሏት፤ ጉልበታቸውን ልትስም ያጎነበሰችው ልጅ ግን ትከሻቸው ጋ አትደርስም።

“አካም ጅርቱ አባባ” ብላ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀች።

ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነገሩን በቀስታ አስረዳቻቸው። ለሰይፈሚካኤል ትናንት ማታ መልሳለት ነበር። ግሩፑን ልታስረክበው እንደምትችል፣ ነገር ግን እሷ ሌላ ግሩፕ በከፈተች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሺው ሰው ተነቅሎ እንደሚከተላት፣ እሱም ባዶ ቤት ሲጠብቅ እንደሚኖር ጽፋለት፣ ሰውየው ከአለቆቹ ጋር ተማክሮ እንደሚመልስ ነገራት። ስለዚህ ያ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት የራሷ ሕዝብ ነው። ባለፈው ወር ስላፈሰሱ የተባረሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሉ። ዳኛው ሲያፈስ ዝም ከተባለ እኛን ለምን ብለው ይጠይቃሉ።

“እውነታቸውን ነው” አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት። ተነሥተው ከትራሳቸው ሥር አራት ገጽ አመጡ። በራሳቸው ላይ ክሱን ጽፈው ጨርሰውታል፤ የቅጣት ማክበጃ አለው፣ ማቅለያ የለውም።

የቀረው ዳኛ ማግኘት ነው። ራሳቸው አይችሉም፤ ሁለተኛው ደንብ ይከለክላል። ዱሬቲ ሾማቸዋለች፣ አትሆንም። አብዱናሲር ከሳሽ ነው። ሌላው ዜጋ ደግሞ ወይ ተበድያለሁ ብሎ የተቆጣ ነው፣ ወይ ጋሼ እንዴት ይነካሉ ብሎ የሚጮህ ነው። ስም ጠሩ፣ ጣሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የዓሣውን ቅርፊት እየፋቁ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

“ይህ ‘ዘጠኝ ቁልፍ’ የምትሉት ነገር፣ ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?”

ሦስቱም ዞረው አዩዋቸው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለአንድ ቀን የቁልፍ አገር ዳኛ ሆነው ተሰየሙ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ገብቶ ነበር፤ ሰይፈሚካኤልም ስሙን ሳይደብቅ ገብቷል። ጋሽ ተክለሃይማኖት ኮትና ከረባታቸውን አድርገው፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት፣ መከዳው አጠገብ ቆሙ፤ ተከሳሽ አይቀመጥም ብለው እምቢ ሲሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ በዓይናቸው አስቀመጧቸው።

አብዱናሲር ክሱን አነበበ። በዚያ ቤት ምን ያህል ጊዜ እንደበላ እያሰበ ነው መሰል፣ ቀና ሳይል ቶሎ ቶሎ ነበር ያነበበው። ጋሽ ተክለሃይማኖት ድርጊቱን አምነው፣ ለራሳቸው ጥፋት ሠላሳ ደቂቃ ተሟገቱ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን አሳምረው ተናግረው አያውቁም። ጠባቂ ሆኖ የሰረቀ ከሌባ እንደሚብስ አስረዱ። ለዘለዓለም እንዲባረሩ፣ ቁጥር 31,207ም ለማንም እንዳይሰጥ ጠየቁ።

“ጨረስክ?” አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ።

“ገና ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።”

“ጨርሰሃል።”

ከዚያ ወደ አብዱናሲር ዞረው፣ ያን ቀን የሰሙት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች በሩ ተዘግቶባቸው እንደሆነ ጠየቁት። አብዱናሲር በሩ ክፍት እንደነበር፣ ማንም በፈለገ ሰዓት መውጣት እንደሚችል መሰከረ። ታዲያ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነገሩ ሲገባቸው ለምን አልወጡም? አብዱናሲር እግራቸው ሊወጣ እንደነበር፣ ጆሯቸው እምቢ እንዳለ ተናገረ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ብይኑን ከወረቀት አላነበቡም።

“ተክለሃይማኖት ጥፋተኛ ነው” አሉ። “አፉንም ስልኩንም አልጠበቀም። ከአገራችሁ እንዲባረር ራሱ ጠይቋል። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከእናንተ አገር ሲባረር ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ እኔ ማዕድ ቤት ነው። እናንተ ሳትኖሩ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። እሱን ቀጣሁ ብዬ ራሴን አልቀጣም፤ እኔ ያጠፋሁት ነገር የለም።”

በችሎት መሳቅ ክልክል ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰው ሳቀ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ብቻ አልሳቁም፤ ከረባታቸውን ይዘው የባለቤታቸውን ፊት ያዩ ነበር።

ፍርዱ ይህ ሆነ፦ ጋሽ ተክለሃይማኖት ዳኝነታቸው አይነካም፤ ነገር ግን ለአንድ ወር በድምፅ አይናገሩም። በጽሑፍ ይፍረዱ፤ ያም ከሦስት መስመር አይበልጥ። በሩ ክፍት ሆኖ ያልወጡት አራት መቶ አሥራ ሁለቱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀን ዝም ይበሉ። የተባረሩት አሥራ ዘጠኙም ይመለሱ፤ ልጅ ከክፍል ይወጣል እንጂ ከትምህርት ቤት አይባረርም።

“መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ በይ” አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት በሹክሹክታ።

“ቅጣቱ ከአሁን ጀምሮ ነው” አሏቸው።

የችሎቱ ቅጂ ከድራማው በላይ ታየ። ረቡዕ ከሰይፈሚካኤል ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ይኼኛው ቀንም ቁጥርም ነበረው። ድርጅቱ ጥያቄውን እንደተወ፣ ይልቁንም ችሎቱ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን እንዲቀርብ የሳሙና ማስታወቂያ ያለው ስፖንሰር እንዳገኘ ይገልጻል። ዱሬቲ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን ብላ እምቢ አለች። ድርጅቱ የራሱን ይፋዊ ግሩፕ ከፈተ። በወሩ መጨረሻ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነበረው፤ አብዛኞቹ ደመወዝተኞቹ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ የቁልፍ አገር አምባሳደር ሆኖ የተላከው አብዱናሲር ነው።

የመጨረሻው ክፍል የቅጣቱ ወር ሳያልቅ ተላለፈ። በግራጫ ካባ፣ ዘጠነኛውን ቁልፍ ይዛ ከሐይቁ ዳር የመጣችው ሴት እሜቴ ደብሪቱ አይደለችም። አሰላ የምትኖር መንታ እህቷ ናት። ደብሪቱ በትክክል ሞታለች፤ ሣጥኑ ውስጥም ድንጋይ አልነበረም።

አገሩ ተተራመሰ። ዳኛው ያፈሰሱት እውነት ካልሆነ አፍስሰዋል ይባላል ወይ? አብዱናሲር ጉዳዩ ከማፍሰስ ወደ ሐሰተኛ ወሬ መዛወር እንዳለበት ተከራከረ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ይግባኝ አሉ። አራት ገጽ ጽፈው ወደ ሦስት መስመር ለማሳጠር ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እንዲህ ይላል፦

“ያየሁት ደብሪቱን አልነበረም።
የማላውቀውን ምስጢር ላፈስ አልችልም።
ይታይልኝ።”

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከማዕድ ቤት ሳይወጡ መለሱላቸው፦ ምስጢር መስሎህ ነው የተናገርከው፤ ቅጣቱ ጸንቷል።

ይሁን እንጂ ፍርዱን ከሰጡ ወዲህ ነገሩ እሳቸውንም ሳይከነክናቸው አልቀረም። ባላዩት ድራማ ላይ መፍረዳቸው ያላነበቡትን ፈተና እንደማረም ሆነባቸው። ዱሬቲ ሁሉንም ክፍል ከመጀመሪያው ጀምሮ በስልካቸው ላከችላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ክፍል ያያሉ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል መሐል ላይ ስልኩን አቆሙና ወደ ባላቸው ዞሩ።

“ይቺ ደብሪቱ እህት የላትም እንዴ?” አሏቸው።

ጋሽ ተክለሃይማኖት አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አጠለቁና ቃል ሳይናገሩ ወጡ። አብዱናሲር በሩ ላይ ባጃጁን ሲወለውል አገኙትና ኋላው ገብተው ተቀመጡ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው።

“ወደፈለግክበት ንዳ” አሉት። “ክፍሉ አርባ ደቂቃ ነው።”